ከአውሮፕላን የከፋ የየብስ ጉዞም አለ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ለአንድ የልማት ፕሮጀክት በአማካሪነት ስለምሠራ በየወሩ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለስብሰባ ፍራንክፈርት እሄዳለሁ። አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ለአየር ንብረት ሲሉ በረራ እየተዉ በየብስ እንደሚጓዙ ካነበብኩ ወዲህ የኮምቦልቻውን በረራ ትቼ በመሥሪያ ቤቱ ደብል ጋቢና ፒካፕ እመላለሳለሁ። የካርቦን አሻራዬን ምን ያህል ቀንሻለሁ? የኮምቦልቻው ባቡር ሲጀምርስ? ወደ አውሮፓስ በየብስ መሄድ ይቻላል? አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ‹አውሮፕላኑ አንተ ብትቀርም መነሣቱ አይቀርም፤ ይልቅ ዛፍ ትከል› ይለኛል።»

ምላሽ፦ አልቀነሱም፤ ጨምረዋል። በፒካፕ ብቻዎን ሲጓዙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኮምቦልቻው በረራ ከሚደርስብዎት ድርሻ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ያነበቡት ነገር ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ለሌላ አገር እውነት የሆነውን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ወዳለው ወደ ሐረጎ ዳገት ስላመጡት ነው። ፈረንሳይ ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ አጫጭር የአገር ውስጥ በረራዎችን የከለከለው ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ የሚያደርስ ባቡር ባለበት መስመር ብቻ ነው፤ በተግባር ከፓሪሱ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሊዮን፣ ወደ ናንት እና ወደ ቦርዶ ይደረጉ የነበሩትን ነካ። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው፤ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ደግሞ የሚመነጨው ከኒውክሌር ኃይል ነው። ፈረንሳዊው አውሮፕላኑን ትቶ የተሳፈረው ጭስ በሌለው ባቡር ነው፤ እርስዎ የተሳፈሩት ናፍጣ በሚያቃጥል ፒካፕ ነው። ሁለቱም «የየብስ ጉዞ» ይባላሉ እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም።

ስሌቱ ረጅም አይደለም፤ ራስዎ ደግመው እንዲሠሩት መነሻዎቹን ላስቀምጥልዎት። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን 2.3፣ አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ደግሞ 3.16 ኪሎ ግራም ያወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያስቆመኛል። ከአንድ ኪሎ በታች የሚመዝን አንድ ሊትር ናፍጣ እንዴት 2.7 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል? ተጨማሪው ክብደት ከአየር የተወሰደ ኦክስጅን ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ሲቃጠል ከአየር ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይዞ ይወጣል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከካርቦን ይከብዳል። እንግዲህ ማንኛውንም ጉዞ ለመመዘን የተቃጠለውን ነዳጅ ወስደው ከላይ ባለው ቁጥር ያበዙታል፤ ከዚያም ለተሳፋሪው ብዛት ያካፍሉታል። ሰው ሁሉ የሚረሳው ማካፈሉን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 እስከ 78 መንገደኛ ይይዛል። የአየሩ ርቀት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመንገድ ግን እስከ ኮምቦልቻ 375፣ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላኑ ተራራውን አይዞርም፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው። ለዚህ ርቀት ከ600 እስከ 700 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያቃጥላል ብለን ብናሰላ ጠቅላላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ቶን አካባቢ ይመጣል። ከወንበሮቹ ሦስት አራተኛው ከተያዘ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 35 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ግማሹ ባዶ ሆኖ ከበረ ግን 50 ይሻገራል። ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን አንድ ነገር ልመስክርለት። ብዙውን ጊዜ ከ7,600 ሜትር በላይ አይወጣም። ጄቶች በ10 ሺህና በ12 ሺህ ሜትር ላይ ሲበሩ ከኋላቸው የሚተዉት ነጭ የደመና መስመር ራሱ ምድርን ያሞቃል፤ በእኛ ሰማይ ኪው 400 በሚሄድበት ከፍታ ግን አየሩ ለዚያ የሚበቃ ቅዝቃዜ የለውም። ይህን የማነሣው ወደ ፍራንክፈርቱ ጉዞ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ነው።

አሁን ፒካፑን እንመልከት። የናፍጣ ደብል ጋቢና በሜዳ ላይ ለመቶ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሊትር ይበቃው ይሆናል፤ የደሴ መንገድ ግን ሜዳ አይደለም። ከደሴ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ይደርሳሉ፤ በከሚሴና በአጣዬ አድርገው ሸዋ ሮቢት ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ዋሻ ያለው ዳገት ብቻ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። ሁለት ቶን ብረት ያን ሁሉ ዳገት የሚጎተተው አንድ አማካሪና አንድ ላፕቶፕ ለማድረስ ነው። ለመቶ ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ቢያዝ ለአንድ መንገድ 44 ሊትር ናፍጣ ይሄዳል፤ ይህም 120 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሹፌሩን ተሳፋሪ ብዬ አልቆጥርም፤ እርስዎ ባይሄዱ እሱም አይሄድም ነበርና። አድርሶዎት ባዶ መኪና ይዞ ከተመለሰ፣ በኋላም ሊወስድዎት እንደገና ከመጣ፣ ሁሉንም በሁለት ያባዙት።

ፒካፑ ከአውሮፕላኑ የሚሻለው መቼ ነው? ከሹፌሩ ሌላ አራቱም ወንበር ሲያዝ ነው፤ ያኔ ለአንድ ሰው 30 ኪሎ ይመጣል። በሦስት ሰው 40 ነው፤ ከአውሮፕላኑ ይብሳል። ትንሿ የቤንዚን መኪና ቪትዝ እንኳ አንድ ሰው ብቻ ይዛ አዲስ አበባ ብትደርስ 60 ኪሎ አካባቢ ታወጣለች። ትልልቆቹን የመስክ መኪናዎች ባላነሣቸው ይሻላል፤ የልማት ድርጅት ዓርማ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ አየር ንብረትን የሚመለከት ሥልጠና ለመስጠት አንድ ሰው ጭነው ሲወጡ የማያቸው እነሱን ነው።

ታዲያ የየብስ ጉዞ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በዚህ መስመር ከሁሉም የሚያንስ አሻራ ያለው ጉዞ በየብስ የሚደረገው ነው፤ ግን በአውቶብስ። አንድ አገር አቋራጭ አውቶብስ ለመቶ ኪሎ ሜትር 32 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ ከደሴ አዲስ አበባ ሲደርስ 345 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 45 ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ ስምንት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሚኒባሱም ቢሆን የሚያስገርም ነው። ሃይሉክስ ፒካፕና ሃይኤስ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚፈጁትም የተቀራረበ ነው። አንዱ 44 ሊትር አቃጥሎ አንድ ሰው ያደርሳል፣ ሌላው በዚያው 44 ሊትር 12 ሰው ያደርሳል። ለአንዱ 120 ኪሎ፣ ለሌላው አሥር።

በደሴ መናኸሪያ ሁላችንም የምናማርርበት አንድ ልማድ አለ፤ መኪናው ሳይሞላ አይወጣም። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ግማሽ ሰዓት ያስጠብቀናል፣ የቀረው ግን አንድ ሳይሆን አራት ነው። ያ ትዕግሥት የሚፈታተን ልማድ የሚያመጣው ውጤት ግን ወንበሩ ሁሉ ተይዞ የሚሄድ መኪና ነው። በሰዓት ሰሌዳ የሚነሡ አውቶብሶች ባሉበት አገር ግማሽ ወንበር ባዶ መሄዱ የተለመደ ነው፤ የእኛው ከተሳፋሪ ብዛት አንጻር በዓለም ላይ ነዳጅን በሚገባ ከሚጠቀሙት ውስጥ የሚቆጠር ነው። ትርፍ መጫንን እያመሰገንኩ አይደለም። ከወንበር በላይ የተጫነ ሰው የሚቀንሰው ካርቦን ከቁጥር የማይገባ ሲሆን ፍሬን ላይ የሚጨምረው ሸክም ግን ቀላል አይደለም።

ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱበትንም ታክሲ መቁጠር አለብዎት፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከደሴ አንድ አሮጌ የቤት መኪና በኮንትራት ይዘው ቢወርዱ፣ መኪናው ባዶውን ዳገቱን ሲመለስ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዚያች 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ወጣ ማለት ነው። ይህ በአውቶብስ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድ ይበልጣል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በሚመላለሰው ሚኒባስ ከወረዱ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ የሚበሩ ከሆነ ከኮንትራት ታክሲው ይጀምሩ፤ ከሁሉም የሚቀልለው ለውጥ እሱ ነው።

በእርስዎ 12 ደርሶ መልስ ጉዞ ስናሰላው እንዲህ ይሆናል። በፒካፕ ብቻዎን በዓመት 2.9 ቶን፣ በአውሮፕላን ከኮንትራት ታክሲው ጋር 1.1 ቶን፣ በአውቶብስ 0.19 ቶን። የነዳጅ አጠቃቀሙ እንደ መኪናው ዕድሜ፣ እንደ ጎማው አየርና እንደ ሹፌሩ እግር ስለሚለያይ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ አራተኛ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊል ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ለንጽጽር ያህል የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዓመት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። ፒካፑ ብቻውን የ14 ሰው ዓመት ይበላል።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ከካርቦን ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን ሳልለው ባልፍ ጥፋት ነው። በመደበኛ በረራ መሄድ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከመንገድ ጉዞ እጅግ የተሻለ ደኅንነት አለው። በአውቶብስ ይሂዱ ስል በቀን በሚሄድ አውቶብስ ማለቴ ነው። ሌሊት ተነሥተው ለንጋት አዲስ አበባ እናደርሳለን የሚሉ ሚኒባሶች ጣርማ በር ላይ የሚያገኙት ጉም ፊት ለፊት ያለውን መኪና እንኳ የማያሳይ ነው። ሹፌሩ እንቅልፍ ያጣ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው ዕድል ብቻ ነው። ጥቂት ኪሎ ካርቦን ለማትረፍ ብሎ እዚያ ውስጥ መግባት ሞኝነት ነው። ሁለተኛ፣ ሐረጎን ሲወርዱ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲያዘቀዝቁ ማርሹን ፍሪ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ካጋጠመዎት ሳያፍሩ ይናገሩት። ናፍጣ እቆጥባለሁ ብሎ ነው፤ አይቆጥብም። በዘመናዊ ሞተሮች መኪናው በማርሽ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሣ መርጫው ነዳጅ መስጠት ያቆማል፤ ፍሪ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፣ ፍሬኑም ይግላል።

ሦስተኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው። በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋባቸው ጊዜያት እንዳሉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ሰው በአፋር በኩል፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ በአዋሽ ሲዞር ጉዞው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ዙር እንኳ የአውቶብሱ ድርሻ 13 ኪሎ አካባቢ ስለሚሆን በካርቦን በኩል አውሮፕላኑን ይረታል፤ ለሰው ድካምና ለቤተሰብ ስጋት ግን ሌላ ሚዛን አለ። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሳምንት በአውሮፕላን ይሂዱ፣ ምንም አይሸማቀቁ።

የኮምቦልቻው ባቡር ቢጀምር መልሱ ይለወጣል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርከዚ ተጀመረ፤ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። በኃይል አቅርቦት መጓተትና በጦርነቱ ምክንያት ይህን ምላሽ እስከምጽፍበት ድረስ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት አልተጀመረበትም። መስመሩ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጋር ስለሚገናኝ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ለመድረስ ከመኪናው መንገድ የሚረዝም ዙር ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ የተነደፈው ለኤሌክትሪክ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ስለሆነ ዙሩ ምንም ያህል ቢረዝም አሻራው ለዜሮ የቀረበ ይሆናል። የፈረንሳዩ ምሳሌ ለወሎ የሚሠራው በዚያን ጊዜ ነው። እስከዚያው ድረስ ሐዲዱን አይተው የጉዞ ዕቅድ አያውጡ። ሥራዎ ጅቡቲ ወይም ድሬዳዋ የሚወስድዎት ከሆነ ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር አለልዎት፤ እዚያ ላይ በረራውን ለመተው ምክንያት አይጠፋም።

አልጠየቁም፣ ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የኤሌክትሪክ መኪና እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በተለይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ካገደ ወዲህ። በእኛ ኤሌክትሪክ ሲነዱ የሚወጣው ካርቦን ከቁጥር የማይገባ ነው። ግን ሁለት ነገር ይመዝኑ። አንደኛው ዳገቱ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ለመውጣት ከመንገዱ ርቀት ፍጆታ ሌላ ለከፍታው ብቻ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቀዋል፤ የብዙዎቹ ባትሪ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቁልቁለት ላይ ከዚያ የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል፣ ሁሉም አይደለም። ስለዚህ መንገድ ላይ ቻርጅ የሚያደርጉበትን ቦታ ከመነሣትዎ በፊት በስልክ ሳያረጋግጡ አይውጡ። ሁለተኛው የባትሪው አመራረት ነው። ያንን ባትሪ ማምረት ብቻውን አራት ቶንና ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አውቶብስ ትተው ለነዚህ 12 ጉዞዎች ብለው መኪናውን ቢገዙ ዕዳውን ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል። ለከተማ ሥራ መኪና የሚያስፈልግዎት ከሆነ ኤሌክትሪክ ይግዙ፤ አሻራ ለመቀነስ ብቻ ብለው ግን አይግዙ።

ባልደረባዎ ያለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ነገ ጠዋት እርስዎ ቢቀሩ አውሮፕላኑ ይነሣል፤ የሚተርፈው ነዳጅ የእርስዎንና የሻንጣዎን ክብደት ለማንሣት የሚሄደው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ነገር ግን አየር መንገድ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር የሚወስነው በሚሸጠው ትኬት ነው። በአንድ ሰው መቅረት በረራ አይሰረዝም፤ መቶ ሰው በየወሩ ሲቀር ግን ይቀነሳል። ከመቶዎቹ የእያንዳንዱ ድርሻ ከመቶ አንድ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ክርክሩን ባልደረባዎ ለአውሮፕላኑ ብቻ ማቅረቡም ትክክል አይደለም፣ አውቶብሱም ቢሆን እርስዎ ቢቀሩ ይሄዳልና። እንዲያውም በእሱ አነጋገር ከሄድን እርስዎ ካልተነሡ የማይነሣ አንድ መኪና ብቻ አለ፤ እሱም ፒካፑ ነው።

ዛፉን ይትከሉ፤ ጦሳ ተራራ ላይ የሚተከል ሀገር በቀል ዛፍ አፈሩን ይይዛል፣ ምንጩን ያጎለብታል። በካርቦን ሒሳብ ግን የፒካፑን ዓመት ለማካካስ፣ አንድ በሚገባ ያደገ ዛፍ በዓመት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይይዛል ብንል እንኳ፣ ከ150 እስከ 290 ያደገ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ በሕይወት መኖር አለበት። ዛሬ የሚተክሉት ግን የክንድ ቁመት ያልሞላው ችግኝ ነው፤ በጋ ላይ ካልደረቀና ፍየል ካላገኘው እዚያ ደረጃ ለመድረስ ዓመታት ይቀሩታል። ባሕር ዛፍ ተክለው ቆርጠው ለማገዶ ከሸጡት ደግሞ የያዘው ካርቦን በሙሉ ተመልሶ ወጣ። ነዳጁ ዛሬ ተቃጥሎ አየር ውስጥ ገብቷል፤ ዛፉ የሚከፍለው ዱቤ ነው፣ ያውም ዋስ የሌለው።

ወደ ፍራንክፈርት እንሂድ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ አነስተኛ ቦታ የሰጡት ከሁሉም የሚከብደው ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 5,350 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በኢኮኖሚ ክፍል የአንድ ሰው ድርሻ ለአንድ መንገድ 450 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ደርሶ መልስ አንድ ቶን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የዓመቱ 12 የኮምቦልቻ በረራዎች ተደምረው ከዚህ አንድ ጉዞ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። በቢዝነስ ክፍል ከሆነ ወንበሩ የሚይዘው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ድርሻዎ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ቀደም ሲል ያነሣሁት ነጭ የደመና መስመርና ሌሎች ጋዞች ሲታሰቡ ጄት አውሮፕላኖች በአጠቃላይ የሚያስከትሉት ሙቀት ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብቻ ከሚመጣው ሁለት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። የኮምቦልቻው ፕሮፔለር ይህ ዕዳ በአብዛኛው የለበትም። የወር ጉዞዎ ሲያስጨንቅዎት ዋናው ሸክም በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ልማድ የሚታለፍ ግብዣ ውስጥ ነበር።

በየብስ ወደ አውሮፓ? አይሞክሩት። ድሮ ተጓዦች የሚያውቁት መንገድ በመተማ ወደ ሱዳን ገብቶ በካርቱምና በዋዲ ሐልፋ አድርጎ ወደ አስዋን የሚያደርስ ነበር። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። ጅቡቲ በባቡር ቢደርሱም ከዚያ ወደ አውሮፓ የሚሄድ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ የለም። በዚህ ርቀት ላይ ያለዎት ምርጫ በምን ልሂድ የሚለው ሳይሆን ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ነው። እኔ ብሆን በየዓመቱ የሚደረገውን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አደርገዋለሁ፤ በመካከሉ ያለውን ዓመት በቪዲዮ እሳተፋለሁ፤ ስሄድም ሌሎቹን ቀጠሮዎቼን ከእሱ ጋር አስተሳስሬ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። ኢኮኖሚ ክፍል፣ ቀጥታ በረራ። ፍራንክፈርት ከደረሱ በኋላ በርሊን ወይም ብራሰልስ የሚቀጥሉ ከሆነ ባቡሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያ ይነሣል፤ ያነበቡት የአውሮፓውያን ምክር በትክክል የሚያገለግልዎት እዚያ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ፒካፑን ለዚህ ጉዞ ዛሬውኑ ይተዉት። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ጠዋት በሚነሣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወንበር ባለው አውቶብስ ይሂዱ። መንገዱ ካልተመቸ ወይም ስብሰባው አንድ ቀን ብቻ ሆኖ እንዳለቀ ወዲያው የሚመለሱ ከሆነ ይብረሩ፤ ወደ ኮምቦልቻ ግን በሚኒባስ ይውረዱ። ከ12ቱ ጉዞዎች ውስጥ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያልቁትን ለይተው ስምንት ቢያደርሷቸው ደግሞ የቀሩትን በምንም ቢሄዱ አሸንፈዋል። የፍራንክፈርቱ ግብዣ ሲመጣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሌሊት ይደሩበት።

አንድ ነገር ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ይጠይቁ። የተሽከርካሪ መውጫ ፎርሙ ላይ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ የሹፌር ስምና የኃላፊ ፊርማ አለ፤ በመኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንደተሳፈረ የሚጻፍበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያንን አንድ ዓምድ ያስጨምሩ። ከዚያ ማክሰኞ አንዱ፣ ረቡዕ ሌላው፣ ሐሙስ ሦስተኛው በየራሱ መኪና ወደ አዲስ አበባ መውጣቱ ወረቀቱ ላይ መታየት ይጀምራል። ሦስቱን በአንድ ቀንና በአንድ መኪና ማድረግ ደግሞ የፋይናንስ ክፍሉ ራሱ ሳይለመን የሚደግፈው ሐሳብ ነው፤ ናፍጣውን የሚከፍለው እሱ ነውና።